የየቲሙ ካሴት፦ በቤት ኮምፒውተር አማናን ስለ መጠበቅ

(ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ የዛሬው ርዕሳችን በዚህ መድረክ ከለመድናቸው ርዕሶች ለየት ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ የቲም ቀለብ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያውና ስለ ሕክምናው ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በካርቶን ታጭቀው ስለተቀመጡት የቪዲዮ ካሴቶች ነው። እነዚህን ካሴቶች እንዴት ወደ ቤት ኮምፒውተር እንደምንገለብጥና ከኮምፒውተሩም ለሚፈለገው አገልግሎት እንዴት እንደምናወጣ እናያለን። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የማሽን ጉዳይ ነው፤ ውስጡ ሲታይ ግን የየቲም ንብረትና የአማና ጉዳይ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ካሴቱ የማን ነው?

እንደሚታወቀው በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በርካታ ቤተሰቦቻችን ኒካሕን፣ ዒድን፣ ለሐጅ የሚጓዙ ወላጆችን መሸኛ በቪዲዮ ካሴት ያስቀርጹ ነበር። ለሥራ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ የሄዱ ወገኖቻችንም ከስጦታው ጋር ካሴት ይልኩ ነበር። በእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ከሚታዩት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጆቻቸው ግን አሉ። ከፊሎቹ በየቲምነት አድገው ዛሬ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ አባታቸው ከሞተ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ናቸው፤ የአባታቸው ኒካሕ የተቀረጸበት ካሴት ከእነርሱ በዕድሜ ይበልጣል።

አንድ አባት ሲሞት ዕዳው ይከፈላል፤ ኑዛዜው ይፈጸማል፤ ቤቱ፣ ዕቃውና ገንዘቡ ተቆጥሮ በሚራስ ሕግ ለወራሾቹ ይከፋፈላል። ካሴቱን ግን የሚቆጥረው የለም። በገበያ ዋጋ ስለማያወጣ ከዕቃ አይቆጠርም። አባቱን ሳያውቅ ላደገ ልጅ ግን አባቱ እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ ምን እንደሚመስል የሚያውቅበት ሌላ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ካሴቱ በእጁ ያለ ሰው፣ እናትም ትሁን አጎት ወይም ሞግዚት፣ የየቲምን ንብረት የያዘ አማነኛ መሆኑን እንዲያውቅ እንፈልጋለን።

በምስል ጉዳይ በዑለሞች መካከል የታወቀ የአስተያየት ልዩነት እንዳለ አንዘነጋም። እኛ በዚህ መድረክ ፈትዋ ለመስጠት አልቆምንም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚተማመንበትን ዐሊም ይጠይቅ። ምስሉን ማስቀመጥ የማይፈልግ ቤተሰብ ድምፁን ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚችልም ወደ ኋላ እናያለን።

ለምን እንቸኩላለን?

የቪዲዮ ካሴት ማለት በቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ የተለበጠ የማግኔት ብናኝ ነው። ምስሉም ድምፁም ያለው በዚያ ብናኝ ውስጥ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ሙቀት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይለቃል። የትንሿ የሚኒ ዲቪ ካሴት ጥብጣብ ስፋቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ክር ላይ የሚደርስ ትንሽ ጭረት የብዙ ምስሎችን ክፍል ይዞ ይሄዳል።

ከጥብጣቡ ይልቅ ደግሞ ማጫወቻው ቀድሞን እየጠፋ ነው። የትልቁን ካሴት ማጫወቻ፣ እኛ ዴክ የምንለውን፣ እስከ መጨረሻው ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። በ2019 ደግሞ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ እስከ 2025 ገደማ ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ የማግኔት ካሴት ይዘቱ ሊጠፋ እንደሚችል አሳስበው ነበር። የተባለው ዓመት ደርሷል። ካሴቱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ፋየርዋየር የተባለው መሰኪያም ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቷል፤ አፕል በ2025 ባወጣው ማክ ኦኤስ 26 ድጋፉን አንሥቷል። እንግዲህ በቤታችን ጥግ አቧራ የለበሰው አሮጌ ኮምፒውተርና አሮጌ ካሜራ ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይልቅ ይጠቅማሉና፣ «አይሠራም» ብላችሁ አትጣሏቸው፤ በርካሽም አትሽጧቸው።

ለምን በቤት?

አንዳንዶች «ለምን ለባለሙያ ከፍለን አናሠራም?» ይሉናል። ታማኝ ባለሙያ ላገኘ ሰው ይህ ክልክል አይደለም። ነገር ግን በኒካሕ ካሴት ውስጥ የሴቶች ወገን አለ። እናቶቻችንና እህቶቻችን በመካከላቸው ባዕድ ወንድ የለም ብለው ሒጃባቸውን አውልቀው የተቀረጹበት ሰዓት አለ። ያንን ካሴት ለማናውቀው ሰው አስረክበን መሄድ የእነርሱን ሐያእ አሳልፎ መስጠት ነው። ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር የምትነካካ የቤቱ ልጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ብትማረው የቤተሰቡን ካሴት ሁሉ ራሷ ትገለብጣለች።

ከካሴት ወደ ኮምፒውተር

በመጀመሪያ ካሴቱን እንለይ። ትልቁ ቪ.ኤች.ኤስ. በ1976 የወጣ፣ ከእርሱ የሚያንሱት ቪዲዮ 8 እና ሃይ 8 በ1985 እና በ1989 የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም አናሎግ ናቸው። ትንሿ ሚኒ ዲቪ ግን በ1995 የመጣች ዲጂታል ናት። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ በሚኒ ዲቪ ላይ ያለው ምስል አስቀድሞ በቁጥር የተጻፈ ስለሆነ በፋየርዋየር ሲመጣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ይገለበጣል። የአናሎጉ ካሴት ምስል ግን መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት።

ካሴቱን ወደ ማጫወቻ ከማስገባታችን በፊት ሦስት ነገር እንፈጽማለን። አንደኛ፣ በስሕተት እንዳይቀረጽበት እንቆልፈዋለን፤ ሚኒ ዲቪ በጠርዟ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ቁልፍ አላት፤ በቪ.ኤች.ኤስ. ላይ ደግሞ በጀርባው ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ትሰበራለች። ሁለተኛ፣ በመስኮቱ አይተን ነጭ ሻጋታ ካለበት አናስገባውም፤ ሻጋታው ማጫወቻውንም ከዚያ በኋላ የሚገቡትን ካሴቶችም ይበክላልና። ሦስተኛ፣ ለዓመታት ሳይነካ የቆየን ካሴት እስከ መጨረሻው አሳልፈን መልሰን እናጠነጥነዋለን፤ ይህም የተጣበቀውን ጥብጣብ ያላቅቃል።

የሚኒ ዲቪ ካሜራ ሲሆን ኮምፒውተሩም ካሜራውም ጠፍተው ሳለ የፋየርዋየሩን ገመድ እንሰካለን፤ ከዚያም ካሜራውን አብርተን ወደ ማጫወቻው ወገን እናዞራለን። ሶኒ ይህንኑ መሰኪያ አይሊንክ ይለዋል። በብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ካሜራዎች ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳም አለ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለፎቶግራፍ ወይም ለደካማ ምስል ስለሆነ አትታለሉበት። ካሜራው በባትሪው ብቻ ሳይሆን በቻርጀሩ ይሥራ። መብራት ድንገት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ያለው ኮምፒውተር ይመረጣል።

ቦታውን አስቀድመን እንለካ። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ ወደ 13 ጊጋባይት ይፈጃል። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ወይም ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ይህም ማለት ሥራው በ18ኛው ደቂቃ አካባቢ ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ ዲስኩ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት መዘጋጀት አለበት። ይህ ዝግጅት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አንሡ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ በዊንዶውስ ላይ ዊንዲቪ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም፣ በሊኑክስ ላይ ዲቪግራብ፣ በአሮጌ ማኪንቶሽ ላይ አይሙቪ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ኤክስፒ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሙቪ ሜከር ብትጠቀሙ፣ ከምርጫዎቹ መካከል «ዲቪ ኤቪአይ» የሚለውን ምረጡ፤ ሌላውን ብትመርጡ ገና ሲያስገባው ጨምቆ ያስገባዋል። ኤክስፒ ከሚያዝያ 2014 ወዲህ የደኅንነት ጥገና ስለማይደረግለት እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት።

የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማፋጠን አይቻልም። በዚያ ሰዓት ሌሎች ፕሮግራሞችን ዘግተን እንጠብቅ። ኮምፒውተሩ በሴኮንድ ወደ 3.6 ሜጋባይት ያለማቋረጥ መጻፍ አለበት፤ ከታወከ ምስሎችን እየዘለለ ያልፋል። ፕሮግራሙ የተዘለሉትን ምስሎች ቆጥሮ ያሳያል፤ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ካሴቱን መልሰን ያንን ክፍል እንደገና እንገለብጣለን። ሲያልቅ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ከፍተን እናያለን።

የአናሎግ ካሴት ሲሆን ከዴኩ ወይም ከካሜራው ቢጫውን ገመድ ለምስል፣ ቀዩንና ነጩን ለድምፅ አውጥተን በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ መለወጫ ላይ እንሰካለን። ኤስ ቪዲዮ የሚባለው ክብ መሰኪያ በሁለቱም ላይ ካለ ከቢጫው ይሻላል። ከዲጂታል 8 ካሜራዎች መካከል አንዳንዶቹ የሃይ 8 ካሴትን አጫውተው በፋየርዋየር ስለሚሰጡ እነርሱን ያገኘ ሰው ተጠቅሟል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የሥርዐት ልዩነት ነው፤ በአገራችን የተቀረጸው በፓል ሥርዐት በሴኮንድ 25 ምስል ሲሆን፣ ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ በሚባለው፣ በሴኮንድ 30 ገደማ ምስል ባለው ሥርዐት ነው። ምስሉ ቀለም ካጣ ወይም ከተንከባለለ ካሴቱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ መጀመሪያ ይህን ምርጫ ለውጣችሁ ሞክሩ።

መልካሙን በመጥፎ አለመለወጥ

በአንድ ወቅት አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስደው ነበር። የተመለሰላቸው የሃያ ደቂቃ ዲቪዲ ነው። ባለሙያው «ረጅም ነው፤ አሳምሬዋለሁ» ብሎ ቆርጦታል፤ በላዩም ላይ ዘፈን ጭኖበታል። ካሴቱን ሲጠይቁ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። አባትየው በዚያ ካሴት ውስጥ ለሙሽሮቹ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ልጃቸው ዛሬ ያንን ዲቪዲ ሲከፍት አባቱ እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያያል፤ የሚሰማው ግን ዘፈኑን ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በሱረቱ ኒሳእ መጀመሪያ ላይ የየቲሞችን ገንዘብ ለባለቤቶቹ እንድንሰጥ፣ መልካሙንም በመጥፎ እንዳንለውጥ የታዘዝነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሙፈሲሮች ሲያብራሩት የየቲሙን የሰባ በግ ወስዶ በምትኩ የከሳውን ስለሚያስገባ ሞግዚት ያነሣሉ፤ ቁጥሩ አንድ ነው፤ «በግ በበግ» ይላል፤ የቲሙ ግን ተበድሏል። በዘመናችን ሙሉውን ካሴት ወስዶ ተጨምቆ የደበዘዘውን መመለስም ከዚያ የራቀ አይመስለንም። «ቪዲዮ በቪዲዮ» ይባላል፤ የቲሙ ግን ተጎድቷል።

በመድረሳ አስልና ፈርዕ የሚሉ ሁለት ቃላት እንማራለን፤ ሥሩና ቅርንጫፉ ማለት ነው። ከካሴቱ የተገለበጠው ሙሉ ፋይል አስል ነው። ከእርሱ ለስልክ፣ ለዲቪዲ፣ ለዘመድ የሚወጣው ሁሉ ፈርዕ ነው። የሚኒ ዲቪ ምስል በሴኮንድ 25 ሜጋቢት ይዞ ይመጣል። ዲቪዲ ቢበዛ 9.8 ሜጋቢት ይይዛል። ለስልክ የሚወጣው 2 ወይም 3 ሜጋቢት ይሆናል፤ በመልእክት መላኪያ የሚተላለፈውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ፈርዕ ቢጠፋ ከአስሉ ሌላ ይወጣል፤ አስሉ ቢጠፋ ግን ከፈርዑ አይመለስም፤ የተጣለው ቁጥር ተጥሏልና። ስለዚህ አስሉ አይቆረጥም፣ ቀለሙ አይነካም፣ ዘፈንም ነሺዳም አይጫንበትም። ካሜራው ረስቶ መሬቱን ሲቀርጽ የቆየበት ደቂቃ እንኳ ይቀመጥ፤ በዚያች ደቂቃ ከጀርባ የሚሰማው ድምፅ የአባቱ ሊሆን ይችላል።

ፈርዑን ስለ ማውጣት

ከአስሉ የምናወጣው እንደሚያገለግለው ሰው ይለያያል። ለስልክና ለዘመኑ ቴሌቪዥን የሚስማማው በ2003 በወጣው ኤች 264 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ኤምፒ 4 ነው፤ ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያዘጋጀዋል። በሴኮንድ 2.5 ሜጋቢት ብንሰጠው የአንድ ሰዓቱ ቪዲዮ ወደ 1.1 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ለማየትም ያምራል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር እናስተውል። የድሮው ካሜራ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ዙር፣ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መስመሮችን ለይቶ ይቀርጻል። በዘመኑ ስክሪን ላይ እንዳለ ሲታይ የሚንቀሳቀስ ሰው ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ስለዚህ ስናወጣ ሁለቱን ዙር የሚያዋሕደውን ምርጫ እናበራለን፤ ይህንንም በፈርዑ ላይ ብቻ እናደርጋለን። ሁለተኛው የቅርጹ ጉዳይ ነው፤ የዚያ ዘመን ምስል በአብዛኛው 4 ለ 3 ነው። ሰፊውን ስክሪን ለመሙላት ብለን ብንስበው የሟቹ ፊት ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጥራል። በግራና በቀኝ ጥቁር ቢቀር ምንም አይደለም፤ ልጁ የአባቱን መልክ እንደነበረ ይየው።

ዲቪዲ ማጫወቻ ላላቸው አያቶች ደግሞ 4.7 ጊጋባይት በምትይዘው ዲስክ ላይ አንድ ሰዓት በጥሩ ጥራት ይገባል። በቤት የተቃጠለ ዲስክ ግን በጊዜ ብዛት ሊበላሽ ስለሚችል አስል ማኖሪያ አይሁን። ድምፁን ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ ሙሉ ጥራት ያለው ድምፅ በሰዓት ወደ 690 ሜጋባይት፣ ተጨምቆ በኤምፒ 3 በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ሲወጣ ደግሞ ወደ 58 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ በማንኛውም ስልክ ላይ ይሰማል።

ለማን ይውጣ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። መገልበጥ ለየቲሙ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ይሁን። ማውጣት ለሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ በልክ ይሁን።

ለየቲም እርዳታ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ የልጆችን ፊት የማሳየት ልማድ ተስፋፍቷል። ልጁ ሲያለቅስ፣ የተቀደደ ልብሱ፣ የሚተኛበት መደብ በቪዲዮ ይወጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ዓላማው መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰደቃን በማመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ በሱረቱል በቀራ ተከልክለናል። ልጁ ከአምስት ዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ያንን ቪዲዮ ከፍተው ሲስቁበት የሚሰማው ነገር ማስከፋት ካልሆነ ምንድን ነው? አበው «ካፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ ከኮምፒውተር የወጣ ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ ተጠርቶ አይመለስም።

ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ልጁ ነፍስ ካወቀ እርሱ፣ ካላወቀ ወሊዩ አውቆና ወድዶ ፈቅዷል? ወይስ «እርዳታው ይቀርብናል» ብሎ ፈርቶ ነው ዝም ያለው? ስሙ፣ የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፣ የቤቱ በር ይታያል? አድጎ ቢያየው ይኮራበታል ወይስ አንገቱን ይደፋል? ከእነዚህ በአንዱ ላይ ጥርጣሬ ካለ ፊቱ ይሸፈን ወይም ያ ክፍል ተቆርጦ ይቅር። መቁረጥ የሚያምረው እዚህ ቦታ ነው።

ለጋሾች ሆይ፤ እናንተ መብት አላችሁ። ገንዘባችሁ የት እንደዋለ፣ ልጁ መማሩን፣ መታከሙን በሒሳብና በደረሰኝ የማወቅ መብታችሁ ሙሉ ነው። ዕንባውን የማየት መብት ግን ከዚያ ውስጥ የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት የሞቱባቸው፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን ያጡ የቲም ነበሩ። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ለእርሳቸው ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን ሁለት ጣቶቻቸውን አቀራርበው ማሳየታቸውን ሰምተናል። ያንን ቅርበት የሚፈልግ ለጋሽ የልጁን ፊት በስክሪን ማየት ላይ አይከራከርም።

ርክክብ

ያው የኒሳእ ሱራ የየቲሙን ገንዘብ ስናስረክብ ምስክሮች እንድናቆም ያዝዘናል። ካሴቱም በወግ ይረከብ። በቤተሰብ መዝገብ ላይ የካሴቱ ዓይነት፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ በውስጡ የሚታዩት ሰዎች ስምና ዝምድና ይጻፍ። በዚያ ዘመን የካሜራው ሰዓት ተስተካክሎ ከነበረ ሚኒ ዲቪ ቀኑንና ሰዓቱን በጥብጣቡ ላይ ይዞ ይገኛል። የሰዎቹን ማንነት ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም እያለፉ ነው። ስለዚህ ካሴቱ ሲገለበጥ አያትና አክስት አጠገብ ይቀመጡ፤ «ይህ ማን ነው?» እየተባሉ ይጠየቁ፤ የሚሉት ይጻፍ።

አስሉ በሦስት ቅጂ ይኑር፦ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቤት። እሳትና ሌባ ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ሦስቱንም እንዳያገኙ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ረመዷን ከመግባቱ በፊት፣ ዲስኩ ተከፍቶ ይታይ፤ ሲያረጅም ወደ አዲስ ይዛወር። ካሴቱ ራሱ ከተገለበጠ በኋላም አይጣል፤ ተጠንጥኖ፣ በቁሙ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የቲሙ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ካሴቱም ዲስኩም መዝገቡም በምስክር ፊት ይሰጠው። በዚያን ጊዜ ማሳየትም ማጥፋትም ማስቀመጥም የእርሱ ውሳኔ ነው።

አባታቸውን በቅርቡ ያጡ ልጆች ደግሞ የአባታቸው ምስልና ድምፅ ያለው በስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ከመሸጡና ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ያለው ሁሉ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ፤ በመልእክት መላኪያ አይላክ፤ ጨምቆ ያደበዝዘዋልና። የድምፅ መልእክቶቹም አይረሱ። ከልጆቹ የማይመለከተው የሰው ምስጢር ከተገኘበት ግን የሟቹ ነውር ይሸፈን፤ አይነበብ፣ አይውጣ።

ከዚህ ስብሰባ ስንለያይ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። የቲም የምታሳድጉ ቤተሰቦች እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ በቤታችሁ ያሉትን ካሴቶች ቆጥራችሁ በዝርዝር አምጡ፤ ካሴቶቹን አታምጡ፣ ዝርዝሩ ይበቃል። የሚሠራ የሚኒ ዲቪ ወይም የሃይ 8 ካሜራ፣ ዴክ፣ ፋየርዋየር ያለው ኮምፒውተር ያላችሁ ለጋሾች በየተራ ለቤተሰቦቹ አውሱ፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሰደቃ ነው። ወጣቶች ደግሞ፣ ወንዶቹ ለወንዶች፣ ሴቶቹ ለሴቶች፣ ከቤት ወደ ቤት እየሄዳችሁ አሠራሩን አስተምሩ።

አላህ በየቲሞች ንብረት ላይ ታማኞች ያድርገን። ላለፉት ወላጆቻቸው ምሕረቱን ያውርድ። የሰማነውንም የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።